በእንቆቅልሽ የተበላች አገር

ሃይፋ ውስጥ እንደ ጋሼ ታፈረ ያለ ባለርስት የለም። ጎንደርን ከነግንቧ፣ ደምቢያን ከነጤፏ፣ ጣናን ከነጉማሬው ይዘዋል። መተማ የእሳቸው ናት፤ ግብፅም እስከ ወንዟ አፍ ድረስ፤ እንግሊዝም ከነዘውዷ። ለዚህ ሁሉ ጥይት አልተኮሱም፤ እሳት ዳር ተቀምጠው በአፋቸው ብቻ ነው ያቀኑት። የሚኖሩት ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከግዛታቸው ሁሉ ደግሞ አንዲት ቦታ ጎድላባቸዋለች፤ የተወለዱባት መንደር ሾላ ምንጭ። እሷ በሰው እጅ ናት፤ ጋሼ ታፈረም ሌት ተቀን የሚያስቡት እሷን ማስመለስ ነበር።

ነገሩ እንዲገባን የሾላ ምንጭን ሕግ እንወቅ። መንደሯ ትምህርት ቤት አልነበራትም፣ መንገድ አልነበራትም፣ የእንቆቅልሽ ሕግ ግን ነበራት፤ ያውም ጥብቅ። "እንቆቅልህ?" ይላል ጠያቂው፤ "ምን አውቅልህ?" ይላል ተጠያቂው። መልሱን ያጣ "አገር ስጠኝ" ይባላል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም አበሻ ያውቀዋል። የሾላ ምንጭ ሰዎች ግን ነገር ማጥበቅ ስለሚወዱ፣ የተሰጠች አገር በሌላ እንቆቅልሽ ካልተመለሰች በቀር የተቀባዩ ሆና ትኖራለች ብለው ደነገጉ። አሸናፊው ያልወደዳትን አገር "አልፈልግም፣ ሌላ" ማለት ይችላል። ወዶ ሲቀበል ደግሞ ይገባባታል፤ ማለትም ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማን እንዳስተናገደው ይዘረዝርና በመጨረሻ "ምን አጥቼ" ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ተሸናፊውን እንደልቡ ይሰድበዋል፣ መልሱንም ይነግረዋል። "ምን አጥቼ" ያላለ ሰው አገሪቱን አልያዘም። ጋሼ ታፈረ እንግሊዝን ሲይዙ ከንጉሡ ጋር ሽንብራ ቆርጥመው፣ ንግሥቲቱ ጠላ ቀድታላቸው፣ ምንም ሳያጡ ነው የወጡት።

ኢየሩሳሌም ብቻ በእንቆቅልሽ አትሰጥም ነበር። ቄሱ ከልክለዋል። "ሌላውን ዓለም እንደፈለጋችሁ ተቀባበሉት፣ እሷን ተዉልን፣ ገና እንሄድባታለን" ብለው ነበር አሉ።

ጋሼ ታፈረ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራሉ። ቀን ቀን ዓይናቸውን የሚፈራው ጎረቤት ሁሉ፣ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ሊሰማ በራቸው ላይ ይጋፋ ነበር፤ ለካ ቡዳም ቢሆን ሲጫወት አይበላም። ባለቤታቸው የሻሽወርቅ ጥጥ እየፈተሉ ከጥግ ሆነው "ምን አውቅልህ" ይላሉ፤ ሰው ቢሞላም ባይሞላም የመጀመሪያዋን "ምን አውቅልህ" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ባለጋራቸው ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ካሰች ነበሩ። የእትዬ ካሰች ድስት ሲወድቅ ይሰበራል፤ ምላሳቸው ግን ወድቆም ሰው ይሰብራል።

ሾላ ምንጭ የተበላችው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ መንደሩ በሱዳን አድርጎ ወደ ኢየሩሳሌም ሊወጣ ባለበት ዋዜማ ነው። ጉዞው ምስጢር ነበር። ቄሱ "ጎረቤት እንዳይጠረጥር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተጫወቱ" አሉ። እናም ሴቶቹ በጓዳ ዳቦ ቆሎ ሲቋጥሩ፣ ወንዶቹ አህያ ሲጭኑ፣ ጋሼ ታፈረና እትዬ ካሰች እሳት ዳር ተቀምጠው በጩኸት አገር ይቀባበሉ ነበር።

"እንቆቅልህ?" አሉ እትዬ ካሰች።

"ምን አውቅልሽ?"

"ጎረቤቴ መጥቶ ወሰደብኝ፤ ይዞት ሄደ፤ እኔም አልጎደለብኝ።"

ጋሼ ታፈረ አሰቡ። ጥላ አሉ፣ ስም አሉ፣ ወሬ አሉ። ሐሳባቸው ግማሹ አህያው ላይ ነበር፣ አልመጣላቸውም።

"አገር ስጠኝ።"

"ጎንደርን።"

"ግንብ አልበላም። ሌላ።"

"እንግሊዝን።"

"ካንተ የተረፈ ንጉሥ አልፈልግም። ያለህበትን ስጠኝ።"

የጋሼ ታፈረ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ስሕተትም ጓዙን የጠቀለለ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። በሆዳቸው ሳቁ። ነገ ጎህ ሳይቀድ ለምንለቃት መንደር ምን አስጨነቀኝ፤ ትውሰዳት፤ ሞኝ ናት አሉ። "ሾላ ምንጭን ሰጠሁሽ" አሏቸው፣ የሰው አህያ እንደሚያበድር ሰው ቅልል ብሏቸው።

እትዬ ካሰች ገቡባት። "ሾላ ምንጭ ገብቼ፣ ከምንጩ ጠጥቼ፣ ሾላዋ ሥር ተኝቼ፣ ድንቄ ቤት ቆሎ ቆርጥሜ፣ አባተ በግ አርዶልኝ፣ ታፈረ ቤት እራት በልቼ፣ የሻሽወርቅ እግሬን አጥባኝ፣ ምን አጥቼ። አንተ ወናፍ፣ ዕድሜ ልክህን ፊቱ ተቀምጠህ እሳትን አታውቀውም?" ሰው በሳቅ ሞተ። ቀጥቃጭ በእሳት ተበላ። ውሾቹ ሳይቀሩ ጮኹ። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ወጣ፤ ጋሼ ታፈረም ሾላ ምንጭን ለቀው የሄዱት እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ጭሰኛ ነው።

የሻሽወርቅ ሱዳን ላይ ቀሩ። የተቀበሩበትን አሸዋ ንፋስ ሲያነሣው ጋሼ ታፈረ አይተዋል። ስለዚህ ከዚህ በላይ ተናግረው አያውቁም፤ እኔም አልጨምርበትም።

ሃይፋ ተራራ ላይ እንደ ልብስ የተሰጣች ከተማ ናት። ማን እንደሠራት አላውቅም፤ ብቻ ጉልበት የሚያክም ሐኪም ሳይሆን አይቀርም። ዳቦ ለመግዛት የወረደ ሰው ቤቱ ሲመለስ ዳቦው ሻግቶ ያገኘዋል። የጋሼ ታፈረ ሰፈር ደግሞ ከደረጃ ሌላ ነገር የለበትም፤ ሰዎቹ ሁሉ ወይ እየወጡ ወይ እየወረዱ ነው፣ ቆሞ እንቆቅልሽ የሚሰማ የለም። ጎረቤት ለጎረቤት በር ይከፍታል፣ ቁልፍ ያንቃጭላል፣ ይዘጋል። እሳት የሚዋዋስ ስለሌለ ማንም የማንንም በር አያንኳኳም።

ጋሼ ታፈረ የሚሠሩት ከወደቡ ወዲያ በባሕሩ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። ሌላ ሰው የፈቀፈቀውን የብረት ፍቅፋቂ ይጠርጋሉ። ዕብራይስጣቸው እንቆቅልሽ ለመጠየቅ ይበቃል፣ መልሱን ለመስማት ግን አይበቃም። ቢሆንም ዝም ማለት ያልፈጠረባቸው ስለሆኑ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፕሮስፔር የተባለውን ከሞሮኮ የመጣ አለቃቸውን ያዙት።

"ፕሮስፔር፣ እንቆቅልህ?"

"ማ?" አለ ፕሮስፔር፤ በዕብራይስጥ "ምን?" ማለቱ ነው። ከ"ምን አውቅልህ" ግማሹ ስለተገኘ ጋሼ ታፈረ ተቀበሉት።

"ብረት ይወልደዋል፤ ተመልሶ ብረት ይበላል።"

ፕሮስፔር ቲማቲሙን እያኘከ አሰበ። "ግብር ሰብሳቢ።"

"ዝገት ነው። ተሸንፈሃል። አገር ስጠኝ።"

"ምን ስጠኝ?"

"አገር። እንደዚህ ነው ጨዋታው።"

ፕሮስፔር ማኘኩን አቆመ። "ሊባኖስን ውሰዳት። ከነዛፏ ውሰዳት፣ ምርቃትም እጨምርልሃለሁ። ልጄ እዚያ ዘምቶ ነው ያለው፤ ስትገባ ካገኘኸው አባትህ ጠርቶሃል በልልኝ።"

ያን ቀን ጋሼ ታፈረ "ገብቼ" አላሉም። ሊባኖስን እስከ ዛሬ በር ላይ ቆመው ነው የያዟት።

ከሥራ ሲመለሱ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይቀመጣሉ። ወንድ ልጃቸው ስንታየሁ ወታደር ነው፤ በየሁለት ሰንበቱ ይመጣና እንደ ተቆረጠ ግንድ ይተኛል። በቀሩት ቀናት ክፍሏ ውስጥ ጋሼ ታፈረና ፍሪጁ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ መጀመሪያ "እንቆቅልሽ?" ብለው ወደ ጥጉ ይጠይቁ ነበር፤ የሻሽወርቅ የሚቀመጡበትን ዓይነት ጥግ ለይተውለት። ጥጉ ዝም ይላል። ፍሪጁ ግን ጉሮሮውን ይጠርግና "ምምም" ይላል። ከምንም ይሻላል ብለው ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

አንድ ሰንበት ስንታየሁ ከእንቅልፉ ነቅቶ ራሱን እያከከ፣

"አባ፣ ካሰችን አየኋት እኮ" አለ። አንቱ ማለቱን ጦር ሰፈር ረስቶት ከመጣ ቆይቷል።

"የትኛዋን ካሰች?"

"የሸክላዋን። እዚሁ ቅርብ፣ ክርያት አታ ነው ያለችው፣ ልጇ ማንአለብሽ ጋ። አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘችኝ፤ ጉንጬን ይዛ አለቀቀችም። ወታደሮቹ ሁሉ ሲስቁብኝ ነበር።"

"ስለ እኔ ምን አለች?"

"ያ ወናፍ አለ ወይ አለች።"

ጋሼ ታፈረ ቀና ብለው ተቀመጡ። በሃይፋ ኑሯቸው ሰው ሲሰድባቸው የመጀመሪያው ነው፤ ደስ አላቸው።

"ሌላስ?"

"አገሩ ደኅና ናት በለው አለች። ምን ማለቷ ነው?"

"እንዲህ አለች?"

"ቤሰደር፣ ይሁን፣ እኔ ያለችውን ነው የምነግርህ" አለና ተመልሶ ተኛ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ታፈረ አዲስ እንቆቅልሽ መቀጥቀጥ ያዙ። የድሮዎቹ አይሆኑም፤ እትዬ ካሰች ግማሾቹን ያውቋቸዋል፣ የቀሩትን ራሳቸው ነው የሠሯቸው። የዚህ አገር ነገር ያስፈልጋል። ባሕሩን ሞከሩት፤ ከክርያት አታም ይታያል። አውቶቡስን ሞከሩት፤ እትዬ ካሰችም ይሳፈሩበታል። እሷ ያላየችውን እኔ የት ባየሁት እያሉ ሲቆዝሙ፣ ውርጭ በሆነ የክረምት ከሰዓት፣ የፍሪጁ ጀርባ ሞቅ እንደሚል ደረሱበት። ወንበራቸውን አስጠግተው ትከሻቸውን አስደገፉ። ፍሪጁም "ምምም" አለ። ጋሼ ታፈረ የጋለ ብረት እንደነካው ሰው ብድግ አሉ።

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ እንደወጡ ታጥበው፣ ነጠላቸውን ካፖርት ላይ ደርበው፣ በአውቶቡስ ክርያት አታ ሄዱ።

የእትዬ ካሰች ቤት ቤት አይደለም፣ ገበያ ነው። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የልጅ ልጆቹ በዕብራይስጥ ይጨቃጨቃሉ፣ ልብስ ማጠቢያው እየዘለለ ከግድግዳ ይጋጫል፣ ማንአለብሽ ከወጥ ቤት ሆና ለሁሉም መልስ ትሰጣለች። እትዬ ካሰች በሩን ከፍተው ባዩዋቸው ጊዜ አልሳቁም። የሻሽወርቅ ከሞቱ ወዲህ አልተገናኙም። ስለዚህ በወጉ መሠረት መጀመሪያ ተለቀሰ። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አለቀሱ፤ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ሳይዘጉ ዘወር ብለው አይተው ተመለሱ። ከዚያ ተቀመጡ፣ ሻይ መጣ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ጉልበት ሰፊ ውይይት ተደረገ።

"እንግዲህ" አሉ ጋሼ ታፈረ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ "እንቆቅልሽ?"

የእትዬ ካሰች ፊት አሥር ዓመት ጣለ። "ለዚህ ነው የመጣኸው? እኔ ደግሞ ናፍቄህ መስሎኝ። ምን አውቅልህ?"

"ሆዱ ውርጭ፣ ጀርባው ትኩሳት፤ አፉን ሲከፍቱት ጎህ ይቀድበታል፤ ሰው ሲጠፋ ያንጎራጉራል።"

እትዬ ካሰች ሻሻቸውን አጠበቁ። "ባሕር።"

"ባሕር አፍ የለውም።"

"ሆዱ ውርጭ... እዚህ አገር ስንገባ የተቀበለን ሠራተኛ ነዋ፣ ያ ባለ መነጽሩ።"

"እሱ አፉን ሲከፍት ጎህ አይቀድበትም፤ ይመሽበታል እንጂ።"

"መርከብ።"

"አይደለም።"

"እማዬ፣ እንዳትሸነፊ" አለች ማንአለብሽ ከወጥ ቤት።

እትዬ ካሰች ቤቱን ዞረው አዩት። የሚያንጎራጉር ነገር ፈለጉ። በዚያ ቤት የሚጮኽ እንጂ የሚያንጎራጉር አልነበረም። ብዙ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ። "አላወቅሁትም።"

"አገር ስጪኝ" አሉ ጋሼ ታፈረ።

"ሃይፋን ሰጠሁህ።"

"ደረጃ አልበላም። ሌላ።"

"አሜሪካን። ሰው ሁሉ የሚጋደልላትን።"

"ምን ላደርጋት? ካሰች፣ የምፈልጋትን ታውቂያለሽ።"

እትዬ ካሰች ወደ መስኮቱ አዩ። "ጠብቄልህ ነበር" አሉ። "በል እንግዲህ። ሾላ ምንጭን ሰጠሁህ። ግባ።"

ጋሼ ታፈረ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሾላ ምንጭ ገብቼ" አሉ። "ከምንጩ ጠጥቼ። ሾላዋ ሥር ተኝቼ።" እስከዚህ ጥሩ ሄደ። "ድንቄ ቤት..." ቆም አሉ። ድንቄ አሁን ቤርሳቤህ ናት። "አባተ..." አባተ ከሱዳን ወጥቶ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ቄሱ ነታንያ ናቸው፣ ዓይናቸው ጠፍቷል። በየቤቱ ሄዱ፤ በሐሳባቸው ከበር በር እየዞሩ አንኳኩ። በመጨረሻ የራሳቸው ቤት ደረሱ። እግር የሚያጥብ ማን አለ?

"ምነው? ጨርሰው እንጂ" አሉ እትዬ ካሰች። "ምን አጥቼ በልና ስደበኝ።"

"አልልም።"

"ለምን?"

"አጥቻለሁዋ።"

ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ይዘፍን ነበር። እትዬ ካሰች ብዙ ሰው ሰብረዋል፣ ይህን ግን አልሰበሩም። "እኔ ያን ለታ ስገባ ሁላችሁም ነበራችሁ" አሉ ቀስ ብለው።

ሕግ ሕግ ነው። "ምን አጥቼ" ስላልተባለ ሾላ ምንጭ አልተያዘችም፤ ወደ እትዬ ካሰች ተመለሰች።

"መልሱን እንኳ ንገረኝ" አሉ።

"ፍሪጅ።"

"ፍሪጅ ያንጎራጉራል?"

"ያንጎራጉራል።"

"መቼ?"

ጋሼ ታፈረ ብርጭቆውን መልሰው አነሡ። እትዬ ካሰች ተነሡና ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ልብስ ማጠቢያውን አስቆሙ። ልጆቹን ባንድ ቃል ዝም አሰኟቸው፤ ያቺ ቃል በአማርኛ ነበረች፣ ሁሉም ገባቸው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከተሠራ ጀምሮ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከዚያ ከወጥ ቤት "ምምም" የሚል መጣ። ሄደው እጃቸውን ወደ ጀርባው ሰደዱ። ሞቅ ይላል። እጃቸውን እዚያው እንዳደረጉ ዞረው አዩዋቸው።

"ታፈረ፣ ከማን ጋር ነው የምትኖረው?"

"አራተኛ ፎቅ ነው" አሉ ጋሼ ታፈረ።

እራት አበሏቸው፤ እደር ቢሏቸው ሥራ አለብኝ አሉ። ማንአለብሽ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እትዬ ካሰች አውቶቡስ ድረስ ሸኟቸው፤ እየሄዱ ብዙ አልተነጋገሩም።

"እኔ ጋ ትቆይልህ" አሉ እትዬ ካሰች አውቶቡሱ ሲመጣ። "እኔ ጋ ሰው አለባት።"

ጋሼ ታፈረ አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አድርገው ቆሙ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። "የሻሽወርቅ እግርሽን እያጠበችሽ ነው?"

"ውሃውን አሙቃ።"

"እሺ" አሉና ገቡ።

ይህ ከሆነ ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋምሷል። እትዬ ካሰች አልፎ አልፎ ቤቱን ሁሉ ዝም ያሰኛሉ አሉ፤ ልጆቹ አያታችን አረጀች ይላሉ። ፕሮስፔር በየምሳው "ሊባኖስ ገባህ ወይ?" ይላል፤ "ገና" ይሉታል። ክርያት አታ ሩቅ አይደለም፣ አውቶቡሱም በየጊዜው አለ፤ ጋሼ ታፈረ ግን ተመልሰው አልሄዱም። አዲስ እንቆቅልሽ ሳይያዝ ካሰች ቤት አይኬድም፤ ባዶ እጅ ነው። ማታ ማታ ወንበራቸውን አስጠግተው ትከሻቸውን እያሞቁ ያስባሉ። አዲስ ነገር እስካሁን አልመጣላቸውም። ፍሪጁ እንደሆነ የሚያውቀውን ተናግሮ ጨርሷል።